ደርባን በሐምሌ፦ ባህሩን አስቀድሞ የጉዞ ዕቅድ የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

በሐምሌና በነሐሴ ወደ ደቡብ አፍሪካ የህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ሄደው የሚመለሱ ሰዎች አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዘው ይመጣሉ። ዓሣ ነባሪ እናያለን ብለው ሄደው ሳያዩ ይመለሳሉ። ፓርክ በር ላይ ደርሰው ተዘግቶ ያገኙታል። ባህሩ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎበት ከሩቅ አይተውት ይሄዳሉ። ችግሩ የገንዘብ አይደለም፤ የቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ከተማውንና ገበያውን ያያሉ፣ ጀልባውን ለመጨረሻው ቀን ያቆያሉ። በመጨረሻው ቀን ነፋስ ይነሳል፣ ጀልባው ይሰረዛል፣ አውሮፕላኑ ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ ከታች ያለው ዕቅድ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። የአየር ጠባይ የሚያበላሸው ነገር ይቀድማል፣ የማያበላሸው ይከተላል። ዕቅዱ ለስድስት ሌሊት ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ የምጽፈው የደቡብ አፍሪካን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው። እነሱ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። አስጎብኚ "6:00" ብሎ ከጻፈላችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ቀትር አይደለም። በዚህ ብቻ ጀልባ ያመለጠው ሰው አለ።

ደረጃ 1፦ ሳምንቱን ምረጡ

ከጁን እስከ ኦገስት ያለው ጊዜ ደርባን ባለችበት የክዋዙሉ-ናታል ክፍለ ሀገር ጠረፍ ደረቁ ወቅት ነው። እኛ ጋ ሰማዩ ሲያለቅስ እዚያ በአብዛኛው ፀሐይ ነው። ቀን ላይ 22 ወይም 23 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሌሊት ወደ 11 ይወርዳል። የባህሩ ውሃ ከ20 እስከ 21 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሲገቡበት ያስደነግጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለመዳል።

የእኔ ምርጫ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ ነው። ምክንያቱም፦

- የደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ከጁን መጨረሻ ጀምሮ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት አላቸው። በዚያ ሰሞን ማረፊያ ይጠፋል፣ ዋጋም ይንራል። ዕረፍቱ የሚያበቃበት ቀን በየዓመቱ ስለሚለያይ የዓመቱን የትምህርት ካላንደር እዩ።
- በጁላይ የመጀመሪያው ቅዳሜ "ደርባን ጁላይ" የሚባለው የፈረስ ውድድር አለ። ለእሱ ካልሄዳችሁ ያን ቅዳሜና እሑድ ከከተማው ራቁ።
- ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከጁን ጀምሮ ወደ ሞዛምቢክ በኩል ሽቅብ ያልፋሉ፣ ከዚያ እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ይመለሳሉ። ስለዚህ ትንሽ ዘግይታችሁ ብትሄዱም አያመልጧችሁም።

ደረጃ 2፦ ወረቀቶቹን ጨርሱ

በተራ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል። ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ቲኬት አትግዙ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ቀድሞ የተከተባችሁ ከሆነ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ግን ዋናውን ካርድ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ካርዱን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ኤርፖርት ላይ የሚጨነቅ ሰው አይጠፋም።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀቱን አትርሱ። አንደኛው ወላጅ ብቻውን ከሆነ የሌላኛውን የጽሑፍ ፈቃድ ይጨምር። መኪና ለመከራየት ደግሞ ከአገር ሳትወጡ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አውጡ።

የሰሜኑ ጠረፍ፣ መጀመሪያ የምታርፉባትን የሴንት ሉሲያን ከተማ ጨምሮ፣ ዝቅተኛ የወባ ሥጋት ያለበት ነው። በቀዝቃዛው ወቅት ሥጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሐኪም አማክሩ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ።

ደረጃ 3፦ ሻንጣውን ለጠዋትና ለጀልባ አዘጋጁ

ብዙ ሰው ለቀትሩ ብቻ ይለብሳል። ቁምጣና ስስ ሸሚዝ ቀትር ላይ ይበቃል፤ ብርዱ የሚመጣው ጠዋት 1 ሰዓት ጀልባ ላይ ነው። እነዚህን አትተው፦

- ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ወፍራም ሹራብ ብቻውን ነፋሱን አይመክትም።
- ራስን የሚሸፍን ሹራብ ኮፍያ፣ አንድ ረጅም ሱሪ፣ የሚረጥብ ጫማ።
- የፀሐይ ቅባት። ብርድ አለ ማለት ፀሐይ አታቃጥልም ማለት አይደለም።
- ዓይነ ርቀት (ባይናኩላር)። ከዚህ ሁሉ ዕቃ በጣም የሚያገለግላችሁ ይሄ ነው።
- ስልክ የምትከቱበት ውሃ የማያስገባ ከረጢት።

የጠረፉ ማረፊያዎች አብዛኞቹ ማሞቂያ የላቸውም። እንደገባችሁ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ጠይቁ። እኩለ ሌሊት ላይ ተነስቶ ከመፈለግ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ከኤርፖርቱ ወደ ሰሜን ንዱ፣ ደርባንን ለመጨረሻ ተዉት

የዕቅዱ ዋና ቁልፍ ይህ ነው። የኪንግ ሻካ ኤርፖርት ያለው ከደርባን በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ዓሣ ነባሪው፣ ጉማሬውና አውራሪሱ ያሉት ደግሞ ከዚያም በላይ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ወደ ከተማው ገብቶ እንደገና መውጣት ትርፉ ድካም ነው።

1. ቀን 1። ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ካረፋችሁ መኪና ተረክባችሁ በኤን 2 መንገድ ወደ ሴንት ሉሲያ ሂዱ። መንገዱ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል።
2. ቀን 2። ጠዋት የዓሣ ነባሪ ጀልባ። ከሰዓት በኋላ የጉማሬ ጀልባ።
3. ቀን 3። ህሉህሉዌ-ኢምፎሎዚ ፓርክ። ትናንት ጀልባው ተሰርዞ ከሆነ ጠዋቱን ለጀልባው ስጡ።
4. ቀን 4። ኬፕ ቪዳል፣ ዓሣ ነባሪ ከየብስ የሚታይበት ዳርቻ። ይህም ለጀልባው መጠባበቂያ ነው።
5. ቀን 5። ወደ ደቡብ መመለስ፣ ከደርባን በስተሰሜን አጠገቧ ባለችው ኡምህላንጋ ማደር።
6. ቀን 6። ደርባን ከተማና በባህር መዋኘት።
7. ቀን 7። በረራ።

አርፍዳችሁ ካረፋችሁ፦ በዚያ ምሽት ሴንት ሉሲያ ለመድረስ አትሞክሩ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ባሊቶ እደሩና ሲነጋ ንዱ። በጨለማ መንገዱ ላይ ከብት ይቆማል፣ የሸንኮራ አገዳ የጫኑ ረጃጅም መኪኖችም አሉ። ወቅቱ የአገዳ ቆረጣ ስለሆነ ማሳው ሲቃጠል ጭሱ አስፋልቱን አቋርጦ ያልፋል። ጭስ ውስጥ ስትገቡ መብራት አብሩ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ መሀል መንገድ ላይ ግን አትቁሙ።

ስለ መንዳት፦ እዚያ የሚነዳው በግራ ነው፣ መሪው በቀኝ። ማርሹን በግራ እጅ መቀየር ተጨማሪ ጣጣ ስለሆነ አውቶማቲክ ተከራዩ። አደገኛው ቦታ ቀጥታው መንገድ ሳይሆን ወደ ቀኝ መታጠፊያውና አደባባዩ ነው። አጠገባችሁ ያለው ሰው በየመታጠፊያው "በግራ!" እያለ ያስታውሳችሁ። በኤን 2 ላይ የመንገድ ክፍያ ኬላዎች አሉ። የውጭ አገር ካርድ አንዳንዴ እምቢ ስለሚል ጥሬ ራንድ ያዙ። ነዳጅ የሚቀዳው ሠራተኛ ነው፤ ለእሱና መኪና ለሚጠብቁት ልጆች ዝርዝር ራንድ ይኑራችሁ።

ደረጃ 5፦ ነፋሱን ማንበብ ተማሩ

ማታ ማታ የነፋስ ትንበያ የሚያሳይ አፕ ክፈቱ። ዊንዲ ወይም ዊንድጉሩ ይበቃል። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የነፋሱን አቅጣጫ፣ ፍጥነቱንና የማዕበሉን ከፍታ።

- ጠዋት ከየብስ ወደ ባህር የሚነፍስ ቀላል ነፋስ ካለ ባህሩ ይለሰልሳል። ለጀልባም ለዋናም ጥሩው ጊዜ ይህ ነው።
- ከሰዓት በኋላ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከበረታ የባህሩ ገጽ ነጭ አረፋ ይሞላል። በዚያ ሰዓት የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ከአረፋው አይለይም።
- በብርዱ ወቅት ድንገት ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ከመጣና ደረቅ ነፋስ ከተራራው በኩል ከነፈሰ አትደሰቱ። ከኋላው ቀዝቃዛ አየር እየመጣ ነው። ነፋሱ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ይመታል፣ ሙቀቱ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፣ ዝናብና ትልቅ ማዕበል ይከተላል።

ይህ ቀዝቃዛ አየር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል። ሁለት መጠባበቂያ ጠዋት ያስቀመጥነው ለዚሁ ነው።

ደረጃ 6፦ የዓሣ ነባሪ ጀልባ

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ጀልባው የዓሣ ነባሪ ማሳያ ፈቃድ አለው? በአየር ጠባይ ቢሰረዝ ቀን ይቀየርልኛል? ዓሣ ነባሪ ባናይስ? የመጀመሪያው ጥያቄ ለወግ አይደለም። በሕጉ ፈቃድ ያለው ጀልባ እስከ 50 ሜትር መጠጋት ይችላል፤ የሌለው 300 ሜትር መራቅ አለበት። ፈቃድ በሌለው ጀልባ የሄደ ወይ ከሩቅ ያያል፣ ወይ ሕግ ከሚጥስና እንስሳውን ከሚያስጨንቅ ሰው ጋር ይሳፈራል።

ማታውን፦ ቀለል ያለ እራት ብሉ። መጠጥ ይቅር። ባህር የሚያጥወለውላችሁ ከሆነ ፋርማሲ ጠይቃችሁ ክኒኑን እንደታዘዘው ከመነሳታችሁ በፊት ዋጡ። ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ብዙም አይረዳም።

ጠዋቱን፦ ባዶ ሆድ አትሂዱ። ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ጥሩ ነው። ወተትና ጥብስ አይሁን።

ስትሳፈሩ፦ ከኋላ መሀል ላይ ተቀመጡ፤ የጀልባው አፍንጫ በጣም ይነጥራል። ጀልባው ሰባሪ ማዕበሉን ሰንጥቆ ሲወጣ ስልክ ይቅርና ሁለት እጃችሁን ለመያዣው ስጡ። ሹፌሩ ቁሙ እስኪል አትነሱ። ነፍሰ ጡር ወይም የጀርባ ሕመምተኛ በዚህ ጀልባ መሄድ የለበትም።

ስትፈልጉ፦ ዓይናችሁን አድማሱ ላይ አድርጋችሁ በዝግታ ከግራ ወደ ቀኝ ውሰዱት። መጀመሪያ የሚታየው ገላው ሳይሆን ትንፋሹ ነው፤ እንደ እንፋሎት ብድግ ብሎ ይበተናል። ሃምፕባኩ ደጋግሞ ይተነፍስና ጀርባውን ቆልምሞ ጅራቱን አንስቶ ይጠልቃል። በጠለቀበት ቦታ ላይ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ለስላሳ ውሃ ይቀራል። ጅራቱ ከታች ውሃውን ስለገፋው ነው። ያን ክብ ስታዩ ዓይናችሁን እዚያ አትትከሉ። እንስሳው ጉዞ ላይ ነው፤ በጁላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ከክቡ በስተሰሜን ጠብቁ። ለደቂቃዎች ሊጠፋ ይችላል። ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ በባዶ ዓይን ጠብቁት፤ በስክሪን ብቻ የጠበቀ ሰው ያመልጠዋል።

ከታመማችሁ፦ ወደ ታች አትዩ፣ ስልክ አትንኩ፣ አድማሱን እዩ። ማስታወክ ከመጣ ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደሚነፍስበት ጎን ዙሩ። ለሠራተኞቹ ንገሩ፤ ይህ ለእነሱ የየቀን ነገር ነው።

ጀልባው ከተሰረዘ፦ ገንዘብ መልሱልኝ ከማለት ይልቅ የነገውን ጠዋት ያዙ፣ ያውም እዚያው ቆማችሁ። ከቆያችሁ ቦታው ይሞላል። ሦስቱም ጠዋት ከከሸፈ ደግሞ ከየብስ ማየት አለ፤ በደረጃ 8 አለላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሴንት ሉሲያ፣ ጉማሬውና ከተማው

ሴንት ሉሲያ የኢሲማንጋሊሶ ረግረጋማ ፓርክ በር ናት። ፓርኩ በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በከተማዋ አጠገብ ያለው፣ ወንዙ ወደ ባህር የሚገባበት ውሃ በጉማሬና በአዞ የተሞላ ነው።

የጉማሬ ጀልባውን ከሰዓት በኋላ ያዙ። ይህ ውሃ ከባህሩ የተከለለ ስለሆነ ነፋሱ ብዙም አይረብሸውም፤ ጠዋቱን ለባህሩ መተው የሚቻለውም ለዚህ ነው። በብርዱ ወቅት ጉማሬዎች ፀሐይ ለመሞቅ ከውሃው ወጥተው ዳር ላይ ስለሚተኙ ሙሉ ገላቸውን ታያላችሁ። ፀሐይ መጥለቂያ ላይ ያለውን ጉዞ ከመረጣችሁ ጃኬቱን አትርሱ።

አደራ የምላችሁ ሦስት ነገር አለ።

- በዚያ ውሃ እግር እንኳ አትንከሩ። አዞና ጉማሬ ብቻ ሳይሆን ሻርክም ይገባበታል።
- ከመሸ በኋላ ጉማሬዎች ሣር ለመጋጥ ወደ ከተማው ይገባሉ። ለእራት ቅርብ ቢሆንም በመኪና ሂዱ። ጉማሬ መንገድ ላይ ካያችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ጠብቁ፤ በእሱና በውሃው መካከል አትግቡ። ፎቶ ለማንሳት የወረደ ሰው ከጉማሬ ሮጦ አያመልጥም።
- ጂፕ ተከራየን ብላችሁ አሸዋው ላይ አትንዱ። በደቡብ አፍሪካ በባህር ዳርቻ አሸዋ ላይ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 8፦ ኬፕ ቪዳል፣ ዓሣ ነባሪን ከየብስ ማየት

ኬፕ ቪዳል ከከተማዋ ከ30 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፣ መንገዱም በፓርኩ ውስጥ ነው። በአንድ ቀን የሚገባው መኪና የተወሰነ ስለሆነ በሩ በሚከፈትበት ሰዓት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ድረሱ። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ደግሞ ይህ ምክር ብቻ አይደለም፤ ግድ ነው። በሩ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል።

ጠረፉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ ማለዳ ላይ ፀሐይዋ ከባህሩ ወጥታ ዓይናችሁን ትመታለች፣ ምንም አይታይም። እስከ ረፋዱ በመንገዱ ዳር ያሉትን እንስሳት እዩ። ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ነፋሱ ሳይበረታ፣ ከፍ ወዳለው የአሸዋ ጉብታ ወጥታችሁ ተቀመጡ። ለዚሁ የተሠራ ማማም አለ። በባዶ ዓይን ፈልጉ፣ ትንፋሹን ስታገኙ ብቻ ዓይነ ርቀቱን አንሱ። ከመጀመሪያው በዓይነ ርቀት የሚፈልግ ሰው ሰፊውን ባህር በቀዳዳ ያያል።

ምግብ ክፍት አትተው፣ የመኪና መስኮትም ዝጉ። ጦጣዎቹ ሙዝ ከእጅ ይነጥቃሉ። እዚህ የሻርክ መረብም የለም፤ ከገባችሁ ከጉልበት አትለፉ።

ደረጃ 9፦ ህሉህሉዌ-ኢምፎሎዚ

በ1895 የተከለለው ይህ ፓርክ ነጭ አውራሪስ ከመጥፋት የተረፈበት ነው። ወቅቱ ደረቅ ስለሆነ ሣሩ ያጠረ ነው፣ እንስሳቱም ወደ ውሃ ይሰበሰባሉ። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በሩ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው።

ከሴንት ሉሲያ በኒያላዚ በር መግባት ይቀርባል። በሩ ሲከፈት እዚያ ሁኑ። የውስጥ ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፤ ስለዚህ ለመውጣት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ፣ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ጥልቁ አትግቡ። ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ከመኪና አትውረዱ። ዝሆን መንገድ ላይ ከገጠማችሁ ሞተሩን ሳታጠፉ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የአውራሪስ ፎቶ ስትለጥፉ ያያችሁበትን ቦታ አትጻፉ፣ የስልካችሁንም የቦታ መጠቆሚያ አጥፉ። ቀንዱን የሚፈልጉ አዳኞችም ያነባሉ።

ደረጃ 10፦ በደርባን መዋኘት

አሁን ወደ ደቡብ ተመለሱ። በደርባን ዋናው የባህር ዳርቻ ነፍስ አዳኞች አሉ፣ ከርቀት ደግሞ የሻርክ መረብ ተዘርግቷል።

1. ከመግባታችሁ በፊት ዳርቻው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ከ2022ቱ ጎርፍ ወዲህ በፍሳሽ ብክለት ምክንያት የሚዘጉባቸው ጊዜያት ነበሩ። ማዘጋጃ ቤቱ የውሃውን ጥራት ውጤት ያወጣል።
2. በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መካከል ብቻ ግቡ። አሥር ሜትር ወጣ ማለት ትልቅ ልዩነት አለው።
3. ውሃው ወደ ውስጥ ከጎተታችሁ ከእሱ ጋር አትታገሉ። ተንሳፈፉ፣ አንድ እጅ አንሱ፣ ጉልበት ካላችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ዋኙ። ጉተታው ጠባብ ነው፣ በጎን ይወጣበታል።
4. ሰማያዊ ፊኛ የሚመስል ነገር ከነደፋችሁ ክሩን አንሱ፣ በባህር ውሃ እጠቡ፣ ከዚያ የተነደፈውን ቦታ የማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ንከሩት።

ልጆች ላላችሁ የኡምህላንጋና የባሊቶ የድንጋይ ገንዳዎች ይሻላሉ። ባህሩ ሲጎድል ሂዱ። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ስለሚገፋ የትናንቱን ሰዓት አትመኑ።

ሰርዲን ከመጣ። ከሜይ እስከ ጁላይ የሰርዲን መንጋ ቀዝቃዛውን ውሃ ተከትሎ ከደቡብ ይመጣል። አንዳንድ ዓመት እስከ ዳርቻው ይጠጋል፣ አንዳንዴ ጨርሶ አይታይም። ለእሱ ብላችሁ ቲኬት አትቁረጡ። ከመጣ ግን መረብ ሲጎተት ቆሞ ማየት ያስደስታል። ሻርክና ዶልፊን አብረውት ስለሚመጡ በዚያ ሰሞን የሻርክ መረቦቹ ይነሳሉ፣ ዋናም ይከለከላል። ከአሸዋው ላይ እዩ።

ደረጃ 11፦ ዝናብ ከያዛችሁ

ከተማውን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ዝናብ ስለማያጠፋው ነው። ኡሻካ ማሪን ወርልድ ያለው የዓሣ ማሳያ ግማሽ ቀን ይወስዳል። የቪክቶሪያ ጎዳና ገበያ ለቅመማ ቅመም ነው። ዝናቡ ሲያባራ በ1849 የተመሠረተው የደርባን ዕፅዋት ማዕከል ደስ ይላል።

ምሳ "ባኒ ቾው" ብሉ፤ ውስጡ ተቦርቡሮ ወጥ የተሞላበት ዳቦ ነው። ሩብ ዳቦ ለአንድ ሰው ይበቃል። በፍልሰታ ከሄዳችሁ በቦሎቄ የተሠራውን እዘዙና ቅቤ እንዳይገባ ቀድማችሁ ተናገሩ።

በባህር ዳር መንገዱ ላይ ስትሄዱ ስልካችሁን እያወዛወዛችሁ አትሂዱ፣ መኪና ውስጥም ቦርሳ አታስቀምጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ማረፊያችሁ ተመለሱ። ችግር ከገጠማችሁ ከሞባይል 112፣ ለፖሊስ 10111 ደውሉ።

ለበረራው ቀን ከኡምህላንጋ መነሳት ይሻላል፤ ለኤርፖርቱ ከመሀል ከተማው ይልቅ ይቀርባል። መኪናውን ስታስረክቡ ነዳጁን ሞልታችሁ፣ ከጎማ ሥር ያለውን አሸዋ አጥባችሁ፣ አራቱንም ጎን ፎቶ አንስታችሁ ነው።